ትሉ ሳይሻገር

በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ በከፈቱት የጥርስ ማከሚያ ክፍል፣ እርስዎ ከአክስቴ አፍ አንድ የታመመ ጥርስ ነቀሉ። ግራና ቀኙ የነበሩትን ሁለት ጤነኞችም አብረው ነቀሉ።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ሽታ ነው። በቅርቡ፣ ጥርስ ሕክምና በማስተምርበት ክፍል፣ አንድ ተማሪ የደረቀ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጣለ፤ በአያቶቹ አገር ለጥርስ ሕመም የሚደረገውን ሊያሳየን ነበር። መራራው ጢስ ሲነሣ መስኮቱን ከፈትሁ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ነበረች። ከዝቋላ ስትመጣ ጥንቅሽ ታመጣልኝ ነበር። ያንን ጣፋጭ የማሽላ አገዳ በጎን ጥርሶቿ ነክሳ ልጣጩን እስከ ታች ትገፈዋለች፤ ድምፁ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነበር። ነጩን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ አንጓውን ራሷ ትመጥጣለች። በዚያ ኅዳር ግን ጉንጯ አብጦ፣ አገጯን በነጠላ አስራ ደረሰች። አገዳው ግን በብብቷ ነበር።

እናቴ እኔንም አስከትላ በመጀመሪያ የወሰደቻት ወደ ሰፈራችን ትል አውጪ ነው። ሴትዮዋ የእምቧዩን ፍሬ በቅቤ ለውሳ ፍም ላይ አደረገች፤ አክስቴን በጋቢ ሸፍና፣ አፏን ከፍታ ውኃ በያዘ ጣባ ላይ እንድታጎነብስ አደረገቻት። የሴትዮዋ እጅ የሚሠራውን ሁሉ አፏ ያስረዳ ነበር።

«ትሉ ሥሩ ላይ ተኝቷል። ጢሱ ሲያፍነው ይወርዳል። ያልወረደው ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ይሻገራል።»

«ትሉ ስንት ነው?» አለች አክስቴ ከጋቢው ሥር።

«ባለትዳር ነው፤ ልጆችም አሉት» አለች ሴትዮዋ፤ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ጋቢው ሲነሣ ውኃው ላይ ጥምዝ ያሉ ነጫጭ ክሮች ተንሳፍፈው ነበር። አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ሞቶ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ሁሉም ባንድ ጊዜ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ግጠሚ፤ ዘሎ እንዳይገባብሽ!»

አፌን ገጠምሁ፤ ከፍሬው ግን ጥቂት ሰርቄ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍሁት፤ ሲለሰልስ በእሾህ ሰነጠቅሁት። ጢስ ያልነካው፣ የማንም አፍ ያልደረሰበት ፍሬ በውስጡ ያንኑ ነጭ ጥምዝ ክር ይዟል፤ ፍም ላይ ሲፈነዳ ወደ ጣባው የሚፈናጠረው እርሱ ነበር። ሌላ ሰነጠቅሁ፤ ሌላም። እስከ ዛሬ ካገኘሁት ዕውቀት ሁሉ ያን ያህል ደስ ያሰኘኝ የለም።

ሕመሙ አልተሻላትምና በማግስቱ ወደ እርስዎ መጣን። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር፤ የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉጠቱ ላይ ታበራለች። ቤት ውስጥ በአገሯ ቋንቋ በኻምጣንጋ እንደ ወፍ የምትንጫጫው አክስቴ በአማርኛ ቃላት ያጥሯት ነበር፤ ስለዚህ ያዘጋጀችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ትሉ ሳይሻገር ጎረቤቶቹንም ይንቀሉልኝ።»

እርስዎም «እሺ፣ ክፈቺ» አሉ።

የተሰነጠቀውን ፍሬ የያዘ እጄን ዘረጋሁ። «ትል አይደለም» አልኩ፤ «ይኸው፣ የፍሬው ሆድ ዕቃ ነው።»

መዳፌን አዩ፤ ሳቁ። «ይቺ ፕሮፌሰር ደግሞ ከየት መጣች? ውጪ ጠብቂ።»

ማዕረጉን ኋላ አገኘሁት። ያን ጊዜ ግን በሩ ላይ ቆሜ፣ ጥርሶቹ በየተራ የብረት ሳህኑ ላይ ሲወድቁ ሰማሁ። በመጀመሪያው ድምፅ፣ የታመመውን ብቻ እንደሚነቅሉ ገና ተስፋ ነበረኝ።

ትል አውጪዋ የተናገረችው ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን ተናግራለች። የሚያማት ሰው ምን እንደሚደረግለት ማወቅ እንደሚሻ ገብቷት ነበር። እርስዎ ለአንዲት ወጣት ሴት አፍ «ክፈቺ» ከሚለው በቀር ቃል አላወጡለትም። ዛሬ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው የመጀመሪያው ነገር ጉጠት አያያዝ አይደለም፤ «ምን ይመስልዎታል የሚያምዎት?» ብሎ መጠየቅን ነው።

አክስቴ ግን አትወቅስዎትም። እስከ ዛሬ ትመርቅዎታለች። «ደግ ሐኪም ነበር፤ የለመንሁትን አልከለከለኝም» ትላለች፤ ልጆቿንም አንድ ጥርስ ባመማቸው ቁጥር ጎረቤቶቹን አስነቅሉ እያለች ትመክራለች። እውነቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ብነግራት ጥርሶቿ አይመለሱም፣ ደጉ ሐኪም ግን ይሄድባታል።

በቀጣዩ ኅዳር ጥንቅሽ ይዛልኝ መጣች። እንደ ልማዷ ወደ አፏ አስጠጋችው፤ ከዚያ ቆም አለችና ከነልጣጩ ሰጠችኝ። «አድገሻል» አለችኝ። ቢላዋ አምጥቼ እኔ ላጥሁ፤ ነጩን ለእርሷ ሰጠኋት። ጥርሶቹ በነበሩበት ድድ እየጨመቀች መጠጠችው።

ጡረታ ወጥተው እዚያው ሰቆጣ እንደሚኖሩ ሰምቻለሁ። ይቅርታዎን አልፈልግም። የምጠይቅዎ ስለዚያ ሳቅ ነው። መዳፌን ባዩ ጊዜ፣ ትል የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ሁለቱን ጥርሶች ያወጣው አለማወቅ ነው ወይስ ለመናገር መስነፍ? አንዱን መርጠው ይመልሱልኝ።