የካርቲየ ሁለት ግድብ

የረጠበ ጆንያ ሽታ ሽው ባለኝ ቁጥር ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሁለት ሰፈር የነበረችው የቆርቆሮ ቤታችን ትመጣብኛለች። ዛሬም በወደቡ በኩል ሳልፍ ዝናብ የመታው ጆንያ ተቆልሎ ካየሁ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳልል ቆም ብዬ አሸታለሁ። የሳቀ ይሳቅ፣ የእኔ ሽቶ እሱ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ከአዲስ አበባ ወደብ ሲመላለስ ወሩን ይጨርስ ነበር፤ ቤቱን የያዘችው እናቴ እናኑ ነበረች። የከሚሴ ልጅ ናት፣ የቦርከና ወንዝ የአባቷን ማሳ በየክረምቱ ሲበላው እያየች ያደገች ስለሆነች ውሃ አታምንም። ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ በሐሩር ነድዳ በቀዝቃዛዎቹ ወራት አንድ ሁለት ቀን ሲዘንብባት፣ ሌላው ሰው ተደስቶ ደጅ ሲወጣ የእናቴ ፊት ይጠቁር ነበር። አባቴ በሚያመጣላት ባዶ ጆንያ አሸዋ እየሞላች ደጃፋችን ላይ ትደረድርና «ግድቤ» ትለው ነበር። እንግዳ ተደናቅፎ ሲራገም «እግርህን አታነሳም? ግድብ አለ አላልኩህም?» ብላ እሷው ትቆጣ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ስለምወድ፣ «ግድብ መሥራት ያቃተኝ ለዚህች ልጅ አፍ ብቻ ነው» ትል ነበር።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበተው ከእትዬ ሐዋ ጋር ነበር። ሱማሌ ናት፣ ድሬዳዋ ስላደገች ግን አማርኛዋ ከእኛ ይጣፍጥ ነበር። ብቻዋን እየኖረች በአንዲት የስፌት መኪና ልብስ እየሰፋች ትተዳደር ነበር፤ እናቴ ፈረንጅ ቤት ሥራ ስትሄድ እኔ የምውለው እሷ እግር ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተዘርፍጬ ነበር።

ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ጎርፉ ከትልቁ መንገድ ወደ ጠባቧ ቅያሳችን ገብቶ፣ መጥቶ የእናቴን ግድብ መታና ተመልሶ ወደ እትዬ ሐዋ ቤት ዞረ። እኔ፣ አፌን ይዝጋውና፣ ጆንያው ላይ ወጥቼ እየዘለልኩ «እኛ ቤት አልገባም! እኛ ግድብ አለን!» እያልኩ እጮህ ነበር። እትዬ ሐዋ የስፌት መኪናዋን ታቅፋ፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ የደንበኞቿ ጨርቅ ዙሪያዋን እየተንሳፈፈ ሰማችኝ። ከዚያ ደጃፋችን ላይ የቆመችውን እናቴን ቀና ብላ አየቻትና «እናኑ፣ ግድብሽ ላንቺ ግድብ፣ ለእኔ ጎርፍ ሆነ» አለቻት።

የሙቀቱ ወራት መጥተው ሲያልፉ እትዬ ሐዋ እናቴን አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ዋልሽ» አላለቻትም። ብታቅፈውም ውሃ ነክቶት የስፌት መኪናዋ ዝጎ ስለቀረ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በእጇ ትሰፋ ነበር። እኔ በዚያ ሳልፍ ግድግዳውን ታክኬ እሮጥ ነበር። «ጥፊ ከዚህ» ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፣ አላለችኝም። እናቴም ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፏ የማትወጣ ሰው ነበረች፣ ውስጧ ግን ሲብከነከን ይታየኝ ነበር።

አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር እናቴ አንድ ዓርብ በጠዋት ተነስታ የደጃፋችንን ግድብ አፈረሰችው። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ቅያሱ አፍ ወስዳ፣ ከትልቁ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ላይ ሰያፍ አድርጋ መደርደር ጀመረች፤ ውሃው ተመልሶ ባሕር ወደሚወርደው ቦይ እንዲገባ ነው። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ አይቷት «የመንግሥት ሥራ ይዘሻል እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

«ጎረቤቴን አጥለቅልቄ እኔ ደረቅ ብተኛ እንቅልፍ ይወስደኛል?» አለችው። እሱም ሸሚዙን አውልቆ አካፋ ያዘ።

እትዬ ሐዋ ሁለት ቀን ሙሉ ከደጃፏ ሆና አየችን። በሦስተኛው ቀን የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይዛ መጣች። «አፉ ክፍት የሆነ ጆንያ ምን ግድብ ይሆናል? አሸዋው ታጥቦ ያልቃል። አምጪ ወዲህ!» አለችና መሬት ቁጭ ብላ መስፋት ጀመረች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ጆንያውን ጥብቅ አድርጋ ያዘችላት፣ ያንን ሁሉ ወር የያዘችው እንባም ገነፈለ። «በቃ፣ ሲባጎውን አታርጥቢብኝ» አለቻት እትዬ ሐዋ።

ዝናቡ ሲመጣ የቅያሳችን ሰባት ቤት ሰው በሙሉ ወጥቶ ቅያሱ አፍ ላይ ቆመ። ጎርፉ እየደነፋ መጣ፣ ግድቡን ገፋው፣ ገፋው፣ ከዚያ እንደ ተገራ በሬ አንገቱን አዙሮ ወደ ቦዩ ወረደ። እትዬ ሐዋ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ የዚያን ቀን አልጮህኩም፤ የእናቴን ቀሚስ ይዤ፣ ከኩራት ብዛት እሷን ብቻ አያት ነበር። የሱማሌውም የአፋሩም ልጅ የእናቴን «ግድብ» በራሱ አፍ አዙሮ ቅያሳችንን «ግዲብ» እያለ መጥራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ እንኳ እትዬ ሐዋ መሀል ትገባና «ግድቡ እኔ ነኝ፣ እስቲ እለፉኝ!» ትል ነበር።

አሁን ጆንያው የለም። ቅያሱ አፍ ላይ ሲሚንቶ ተገንብቷል፣ እትዬ ሐዋም አፈር ከቀመሰች ቆይታለች። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ከማዕከላዊ ገበያ ታክሲ ይዘን ካርቲየ ሁለት ስንል፣ ልጅ እግሩ ሾፌር በሱማሊኛ «ግዲብ ጋ ነው?» አለን። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ስንወለድም ስሙ ይኸው ነበር» አለ። እናቴ በእርጅና የሾለ ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ያኔ ጆንያው ላይ ወጥቼ «ግድብ አለን» እያልኩ ስጮህ ዝም የሚያሰኘኝ ጠፍቶ ሰው አሳዝኜባታለሁ። አሁን ግን ማን ሊገድበኝ! «የሠሩት እናቴና ጎረቤቷ ናቸው» ብዬ ጀመርኩና፣ ቤት እስክንደርስ አፌን አልዘጋሁም።