ለየኔታ ዘመድ ስንፈልግ

ባለቤቴን ሁሉም ሰው የኔታ ይለዋል። የዜማ መምህር ነው፤ ከደብሩ ቅጥር ሥር ባሉት ጎጆዎች የሚኖሩት ተማሪዎቹ፣ ካህናቱ፣ ባለሱቁ ሳይቀር የኔታ ነው የሚሉት። እኔም ስንጋባ የኔታ እያልሁ ገባሁ፤ ስቆጣ ብቻ ነው አንተ የምለው። መቆጣት ደግሞ አያንሰኝም።

በሠርጋችን ቀን ከእሱ ወገን ሆነው የመጡት በሙሉ መሪጌቶችና ደባትር ነበሩ። አንድም የሥጋ ዘመድ አልነበረም። እናቴን ነገሩ ከንክኗት አገሩን ብትጠይቀው «ወደ ላይ ነው፣ ከደባርቅ ወዲያ» ብቻ አላት። የጎንደር ሰው ይህን ያውቀዋል። ለትምህርት ብሎ ከቤቱ የጠፋ ልጅ ወላጆቹ ተከታትለው መጥተው እንዳይመልሱት አገሩን ይደብቃል። እናቴም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ይልቁንስ ጨዋ ነው ብላ መረቀችኝ።

እኔ ግን አብሬው ስኖር የሆነ ነገር እንደሚናፍቅ አየሁ። የሐምሌ ጉም ከላይ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው በር ላይ ይቆማል። እኔ እዚያው ደጃፍ ላይ ባለችው የስፌት መኪናዬ የካህናት ቀሚስ እየሰፋሁ አየዋለሁ፤ ብጠራው አይሰማኝም። ከወገራ የሚመጣ አዲስ ገብስ ቤት ከገባ እፍኝ ያነሣና ያሸተዋል፤ ከዚያ መልሶ ጆንያው ውስጥ ያደርገዋል። ምን ሆንህ ስለው ምንም ይላል። አንድ ሰሞን እዚያ ሌላ ሚስት ትኖረው ይሆን እያልሁ ተቃጥዬ ነበር። ልጆች ወለድን፣ ልጆቹም የአባታቸውን አገር ሳያውቁ አደጉ።

አንድ ዓቢይ ጾም ላይ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ቀን ጾም ነው፣ ሌሊት ቆሞ ማደር ነው፣ ምን ይደረግ አልን። ፋሲካ አለፈ፤ እግሩ አልጎደለም። ፊቱም ተነፋ። ማኅሌት ላይ መቋሚያውን ተደግፎ መቀመጥ አመጣ። ተማሪዎቹ ናቸው አስገድደው ሆስፒታል የወሰዱት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸውን ሐኪሙ ነገረን። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በመኪና እየታጠበ ይመለሳል። ውሃ በልክ ሆነ፤ ሽንቱም እያደር ነጠፈ። ሲመለስ ጥቅልል ብሎ ይተኛል።

የቀረብኝ ድምፁ ነው። በፊት እሑድ እሑድ ጠዋት ልጆች ይዤ ቤት ብቀር እንኳ ከደብሩ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የእሱን ለይቼ እሰማዋለሁ። ሲታመም ሌላ መሪጌታ ተተካ። ሰውዬው እንከን አይወጣለትም፣ ሸጋ ድምፅ አለው፤ እኔ ግን እሱ ሲጀምር መስኮቱን እዘጋለሁ። ባሌ አጠገቤ ተኝቶ እያለ ባሌን ናፈቅሁ።

የደብሩ ሰው ውለታው አያልቅም። ጨው የሌለበት ወጥ ሠርቶ ማምጣት የማኅበሩ ሴቶች ተራ ሆነ፤ አንዳንዷ እጇ አልታዘዝ እያላት ጨው ጨምራ ታመጣለች፣ እኔም ቀምሼ እመልሳለሁ፣ እንኮራረፋለን። በማራኪ ሰፈር መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር በእጥበቱ ቀን ጠዋት ማንንም ሳይጭን መጥቶ ደጃችን ላይ ይቆማል። አዲስ አበባ ሄዶ ኩላሊት ለማስቀየር የሚያስፈልገውን ገንዘብ እድሩና ሰበካ ጉባኤው ያዙልን። የጎደለው ኩላሊቱ ነበር። ሰጪው የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ መሆን አለበት፤ ሕጉ እንዲያ ነው። የእኔ ደም ከእሱ ጋር አልገጠመም። ልጆቻችን ገና ትናንሾች ናቸው። ተማሪዎቹ ሳይነግሩኝ ተሰብስበው ሄደው ከእኛ ውሰዱ ብለዋል። ሐኪሙ ምኑ ናችሁ ሲላቸው የዜማ አባታችን ነው አሉ። ያ እንደማይበቃ ነግሮ መለሳቸው።

ስለዚህ አገሩን እንዲነግረኝ ያዝሁት። በልመና ጀመርሁ፣ በእንባም ሞከርሁ፤ ሲጨንቀው እንደ ልማዱ ጆሮውን እየጎተተ እምቢ አለኝ። በመጨረሻ ተቆጣሁ። ከእጥበት ተመልሶ በተኛበት አጠገቡ ቁጭ አልሁና «እሺ፣ ልጆችህን ማን እንዲያሳድጋቸው ነው? አንተስ አባትና እናት አሳድገውሃል» አልሁት። ክፉ ንግግር ነበር። ግን ተናገረ።

ልጅ ሳለ እናቱ ለንግሥ በዓል የሚሆን የመገበሪያ ስንዴ አሸክማ ማዶ ወዳለ ደብር ትልከዋለች። ስንዴውን መገበሪያ ለምታዘጋጀው አቃቢት ያስረክባል። በዚያው ቀን ተማሪዎች ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጠው ዜማ ሲቀጽሉ፣ ከመምህራቸው አፍ እየተቀበሉ ሲያዜሙ፣ ይሰማል፤ እነሱ ሲነሡ ተነሥቶ ይከተላቸዋል። ያን ቀን የወጣ እንደወጣ ነው። መጀመሪያ እንዳይመልሱት ፈራ። መምህር ሆኖ ሰው ሲያከብረው ደግሞ በምን ፊቱ ይመለስ፣ አፈረ። የሰፈሩንና የደብሩን ስም ነገረኝ። ስሙን ሲጠራ ንግግሩ ሁሉ ተለወጠብኝ፤ አጥብቆ፣ እንደ ገጠር ሰው ነበር ያለው።

ይህን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው አንድ ቀን አላደሩም። የደጋ ልጆች የሆኑት አኮፋዳቸውን አንግተው በየአቅጣጫው ወጡ። መንገዱ አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል፤ ስልክም እዚያ አያስተማምንም፤ ስለዚህ በእግር ነው። በየደረሱበት ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አስፈቅደው ለምእመናኑ ያውጃሉ፤ የጎንደሩ የኔታ እንትና ታመዋል፣ የዚህ አገር ሰው ናቸው፣ ዘመድ ነኝ የሚል ይምጣ ይላሉ። እኔ ደጃፌ ላይ ሆኜ ከላይ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ አያለሁ። አንድም ሰው አልመጣም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። እሱ በገዛ አፉ በነገረን ደብር ሳይቀር እንዲያ የሚባል ሰው ከዚህ አልወጣም ተባሉ።

ዋሽቶኛል ብዬ በገንሁ። ሥራዬን ጥዬ ልጠይቀው ገባሁ። ከተማሪዎቹ ትልቁ፣ ዲያቆን የሆነውና ከእሱ ዘንድ ብዙ ዘመን የቆየው፣ እግሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። እሱን፣ ተማሪውን፣ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ተማሪ አገሩን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ነው የሚለውጠው። ይህን ማንም የጎንደር ልጅ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ስንቱን ዓመት አንድ አልጋ ላይ ያደርሁት ሰው ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም። ተማሪዎቹም መምህራቸው ነውና አላሰቡትም። እሱ ራሱ እንኳ አላሰበውም፤ ያ ስም ከአእምሮው ወጥቶ ነበር።

«እናትህ ማን ብላ ነበር የምትጠራህ?» አልሁት።

ነገረኝ። አጭር፣ የልጅ ስም ነው። በአፌ ውስጥ አንድ ጊዜ አልሁት፤ ለማን እንደምለው አላወቅሁም። ከዚያ ዲያቆኑ ተነሥቶ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ነገሩን ቆሞ ነው የተናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእረፍት ወደዚያ አገር ወጥቶ ሲለምን ከደብሩ ሥር አንዲት አሮጊት ቤት ቆሟል። ሴትዮዋ ለሌላው ለማኝ ቁራሽ ስትሰጥ ለተማሪ ግን ሙሉ እንጀራ ወጥ ጨምራ ትሰጣለች። አስቀምጣ ታበላና ይህንኑ አሁን የሰማነውን ስም ጠርታ፣ እንዲህ የሚባል ልጅ በየትምህርት ቤቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። የመጣውን ተማሪ ሁሉ እንደምትጠይቅ ሰፈሩ ያውቃል።

«እኔንም ጠየቁኝ» አለ። «የለም እማማ፣ አላውቅም አልኋቸው። ያኔም የምማረው እዚሁ የኔታ ዘንድ ነበር።»

ባለቤቴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበው። ወጥቼ ደጃፍ ላይ ቆምሁ። እሱ ያን አገር ሲናፍቅ ሌላ ሰው ደግሞ ከዚያ ሆኖ እሱን ሲናፍቅ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቅናቴ ሁሉ አሳፈረኝ።

ዲያቆኑ በማግስቱ ማልዶ ተነሣ። ሲደርስ አሮጊቷ ካቻምና አርፋ ኖሯል። ታላቅ እህቱ ግን እዚያው ቤት አለች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዲያቆኑን ተቆጡት፤ ልጁ ጎጃም ትምህርት ቤት በወረርሽኝ መሞቱን ሰምተናል፣ ፍትሐት አስፈትተን ተዝካሩን በልተናል፣ ሰው በሙት አይቀልድም አሉት። እህቱ አልተቆጣችም። የኔታ የምትለው ሰው ሲጨንቀው ምን ያደርጋል ብላ ብቻ ጠየቀችው። የገዛ ጆሮውን ይጎትታል አላት። ቤቱን ለባሏ ትታ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችው።

ሲመጡ ከሰዓት ነበር፤ እኔ መኪናዬ ላይ ነበርሁ። ረጅም፣ ደረቅ ያለች የደጋ ሴት ናት፤ አቧራ ለብሳለች። ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅኋት፤ ግንባሯ የልጄ ግንባር ነው። እንኳን ደኅና መጣሽ ልላት ስነሣ እሷ አልፋኝ ከደጃፉ ቆማ ያን ስም ጠራችው። ጮክ አላለችም፤ ከጓሮ እንደምትጠራው ነበር።

«አቤት» አለ ባሌ። ገና ማን እንደጠራው ሳያይ ነው አቤት ያለው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እታለም» አለ።

እግሩ ሥር ተቀመጠች። ያበጠውን እግሩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። የእናታቸውን ነገር ቀስ እያለች ነገረችው። ተዝካሩ ሲበላ እናቱ አልቀመሰችም፤ ልጄ የተማሪ ምግብ እየበላ እኔ የእሱን ተዝካር አልበላም ብላ ጓዳ ገብታ ዋለች። ከዚያም በኋላ ተማሪ መጠየቋን አልተወችም።

የእህቱ ደም ገጠመ። ሰፈሩ እልል አለ፤ የማኅበሩ ሴቶች ጨው ያለበት ወጥ ለእሷ፣ ጨው የሌለበት ለእሱ ይዘው ገቡ። እሱ ግን እምቢ አለ። ከፈለግሽ እጥበቱን እየታጠብሁ እሞታለሁ፣ ከእሷ አልወስድም አለኝ። እኔ ጮህሁበት። የደብሩ አለቃ መጥተው መከሩት። ዲያቆኑ እግሩ ላይ ወደቀ። አልሰማም።

«ጥያት ሄጄ፣ እናቴን ብቻዋን አስጦሬያት፣ አሁን ደግሞ ሥጋዋን ልቁረስ?» አለ።

እህቱ ተቆጣች፤ ስትቆጣ ደስ አለችኝ። «የአባታችንን መሬት ይኸን ሁሉ ዘመን ሳሳርስ የኖርሁ እኔ ነኝ» አለችው። «ሞቷል ሲሉኝም ያንተን ድንበር አላፈረስሁም። እኔ ምንም አልሰጥህም። ድርሻህን ነው የምትወስድ።»

ጆሮውን ጎተተ። ከዚያ እሺ አለ።

ልጆቼን የማኅበሩ ሴቶች ተረከቡልኝ፣ ሚኒባሱ ጎሐ ሳይቀድ መጣ፣ ሦስታችን አዲስ አበባ ወረድን። ምርመራው ብዙ ነበር። እሷን ለብቻዋ አስገብተው ያስገደደሽ አለ ወይ እያሉ ደጋግመው ጠየቋት፤ ስትወጣ እነዚህ ሰዎች እህት የላቸውም ወይ አለችኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙ የሚሆነውን ሁሉ ሲያስረዳን እህቱ ያልገባት ብዙ ነገር ነበር። አንዱን ነገር ግን ያዘች፤ አዲሱ ኩላሊት መሥራቱ የሚታወቀው ሽንቱ ሲመጣ ነው መባሉን።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱንም አስገቧቸው። መጀመሪያ እሷን አወጧት። በሯ አጠገብ ቆሜ የእሱን ስጠብቅ አንዲት ነርስ መጥታ በደኅና እንዳለቀና ሽንቱ እየወረደ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ እህቱ ዘንድ ገባሁ። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል። ያመኛል አላለችም፤ ውሃም አልጠየቀችም።

«ሸና?» አለችኝ።

አዎ አልኋት። ተመስገን ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ አገኘሁት» አለች። እጇን ይዤ አለቀስሁ። አንድ ቀን አይቻት የማላውቃትን ሴት፣ አማቴን፣ እንደዚያ ቀን ናፍቄያት አላውቅም።