ለኑሪ ያጨኋት ልጅ

እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለልጄ ለሐያት እንኳ፣ ያልነገርኩት ነገር አለ። እኔ ሰው አታልያለሁ። ያታለልኩትም የገዛ ዘመዴን ልጅ ነው።

ልጄ ኑሪ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አምስተርዳም ኖርድ አንድ የአትክልት ቦታ ይሠራል፤ የሚመላለስበት ጀልባ ላይ የማያውቀው ሰው የለም። እኔ ግን የምሠራበትን ሆቴል አልጋ ባነጠፍኩ ቁጥር አንድ ሐሳብ ያስጨንቀኝ ነበር። እኔ ስሞት ያጠራቀምኩለትን ገንዘብ ማን ይይዝለታል? በእጁ ከገባ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ አይስክሬም ይገዛበታል።

ታዲያ ምን አሰብኩ? ሚስት። ሚስት ካለችው ገንዘቡንም እሱንም ትይዝልኛለች አልኩ። ኮምቦልቻ ላለችው የአጎቴ ልጅ ደውዬ ልጇን ዘይነባን ለኑሪ ጠየቅኩ። ብስክሌት ላይ ሆኖ የተነሳውን ፎቶ ላክሁ። ስለ ጠባዩ ሲጠይቁኝ፣ ትንሽ ዝምተኛ ነው አልኩ። እንቅልፉ ላይ እንኳ የሚያወራውን ኑሪን። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምላሴም አልተሳሰረም።

እነሱም እሺ ብለው ነገሩ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ዘይነባን በስልክ፣ ምስሏን እያየሁ ሳዋራት ኑሪ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«ዘይነባ፣ እኔ ዳውን አለብኝ። እማዬ ነግራሻለች?»

«አልነገሩኝም።»

«ረስታው ነው» አለ፣ እኔን ሊያድነኝ።

ዘይነባ፣ «እትዬ፣ ለልጅዎ ጠባቂ ፈልገው ኖሯል» አለችኝ። «እንደዚያ ብለው ቢጠይቁኝ እኮ አስብበት ነበር።»

ጋብቻው ቀረ። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። እዚህም እዚያም ላሉት ዘመዶች፣ ልጅቷ ሌላ ሰው አላት መሰለኝ፣ ሐሳቧን ቀየረች አልኩ። ለምን? አፍሬ ነው ልበል? እናቷ እውነቱን ብትናገርም ሰው ያመነው አውሮፓ ያለሁትን እኔን ነው። ስሟ ጠፋ፤ ለብዙ ጊዜም ጠያቂ አልመጣላትም።

ለኑሪ ግን መላ ተገኘ። ቭላርዲንገን ከተማ የምትኖረው እህቱ ሐያት፣ ኖታሪስ የሚሉት ውልና ኑዛዜ የሚጽፍ የሕግ ሰው ዘንድ ወሰደችን። ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ብሆንም ነገሩ ገባኝ። ገንዘቡን በኑዛዜ ለኑሪ አወርሳለሁ፤ ባለቤቱ እሱ ነው፣ የሚያስተዳድርለት ግን ሌላ ሰው። ኑሪ ማን ይሁንልህ ሲባል፣ ሐያት ትሁን፣ ግን ቶሎ ስለምትቆጣ አንድ የማይቆጣ ሰው ይጨመርባት አለ። ኖታሪሱ እየሳቀ እንዳለው ጻፈ። ለአይስክሬም የሚሆነውም ሳይቀር ተለይቶ ተቀመጠለት። በአንድ ከሰዓት አለቀ። ለዚህ ነበር የሰው ልጅ ያታለልኩት?

ዘይነባ ኋላ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ያ ግን የእሷ ዕድል ነው፤ የእኔን ጥፋት አያጥበውም። ኑሪ ዛሬም ጀልባ ላይ ላገኘው ሁሉ፣ ሙሽራ ነበረችኝ፣ እማዬ አንድ ነገር ስለረሳች ቀረችብኝ ይላል። ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

አልረሳሁም። ዘይነባም ሐሳቧን አልቀየረችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።