ድንጋይ ተሸክሜ ቁልቢ

በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ ንግድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጫማዬ ያብለጨልጫል፤ እግሬ ግን ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ከመመላለስ ሌላ ሥራ አያውቅም። በዚህ እግር ምን እንደተሳልኩ ስሙኝና ታዘቡኝ።

ስንት ዓመት ጠብቀን ያገኘናት አንዲት ልጃችን በወባ ወደቀች። ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት ባለቤቴ አጠገቧ ሆና ታለቅሳለች፤ እኔ ግቢ ወጥቼ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ልጄን አትርፍልኝ፤ ድንጋይ ተሸክሜ ቁልቢ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ!» አልኩ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ሻማ ይሳላል። እኔን ትንሽ ነገር መቼ ይበቃኛል! ልጅቷ ዳነች።

ታኅሣሥ ደረሰ። ጎረቤት እያየኝ ትንሽ ድንጋይ ማንሳት አፈርኩና ትልቁን ተሸከምኩ። የደንገጎ ዳገት ሳይጋመስ ጉልበቴ ከዳኝ። አንዲት ባልቴት በባዶ እግራቸው እያለፉኝ «አይዞህ ልጄ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ ሶማሌ ነው፤ በሩን ከፍቶ «ውጣ!» አለኝ። ወጣሁ! ስለቱ እንዳይፈርስ ብቻ ድንጋዩን ከትከሻዬ አላወረድኩም።

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ አብዷል» አለ ሾፌሩ ለራሱ።

ቁልቢ ደርሼ ድንጋዩን ካወረድኩ በኋላ ግን ፍርሃት ያዘኝ። በእግሬ ብዬ ተስዬ በመኪና መጣሁ እኮ! እኔ የበደለኝን ሰው ዓመት ሙሉ ሰላም የማልል ቂመኛ ነኝ። እግዚአብሔርም እንደ እኔው ይመስለኝ ነበር፤ ኃይሉ ብቻ የሚበልጥ። እንግዲያው ልጄን መልሶ ይወስዳታል ብዬ ቆረጥኩ። ቅዳሴው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም፤ ስለ እሷ ብቻ እየለመንኩ ነበር።

ባገኘሁት መኪና ተሳፍሬ ተመለስኩ። ሰፈር ስደርስ ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። አለቀልኝ! እዬዬዬን እዚያው መንገድ ላይ ለቀቅኩት።

ባለቤቴ ከመሃል ብቅ አለች። «ኧረ ምን ሆነሃል? ሰዉ እንኳን አደረሰህ ሊልህ ቢመጣ!»

ልጄ ከኋላዋ ሮጣ መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች።

«አባባ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግርህ ሄድክ?»

ጎረቤቱ ሁሉ መልሴን ይጠብቃል።

«አይ... ደክሞኝ በመኪና ወጣሁ» አልኳት።

«እሰይ! እንኳን ወጣህ!» ብላ አጨበጨበች።

አንስቼ አቀፍኳት። ያዳነልኝ እኮ ገና አንዲት እርምጃ ሳልራመድለት ነው። እግዚአብሔር እኔን ቢመስል ኖሮ የማቅፋት ልጅ አልነበረችኝም።