ሰናፍጭና ጤፍ በአማቴ መነጽር

የባሌ አባት በስተርጅናቸው መነጽር ገዙ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። መተማ ገበያ ጅላብያ የሚሸጥ ሰው ስድስት ያህል አስለክቷቸው በሰባተኛው «ተማም፣ ልክ ነው!» አሉና ይዘውት መጡ። ሐምራዊ ነው። የሴት መሆኑን በምንኖርባት ኮኪት ያላየ አልነበረም፤ ደፍሮ የነገራቸው ግን የለም።

እስከዚያ ድረስ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ከደጋ ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ ኖረዋል። ፊደል ቆጥረዋል፤ ለማንበብ ፋታ ባገኙ ጊዜ ግን ዓይናቸው ደክሞ ነበር። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም፤ ማንም የትም አይሄድም፤ ስለዚህ ሁላችንም አድማጭ ሆንን።

እኔ እዚያው ኮኪት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህ በእሳቸው ዘንድ ሁሉን አዋቂ አድርጎኛል።

«ዮናስን የዋጠው ዓሣ ስንት ክንድ ይሆናል?» ይሉኛል።

«እንጃ አባባ።»

«ታዲያ ልጆቹን ምን እያልሽ ነው የምታስተምሪያቸው?»

የእሳቸው እምነት ቀጥ ያለ ነው። እያንዳንዷ ቃል እንደተጻፈች ናት፤ አንዷ ከተነቃነቀች ሁሉም ይነቃነቃል። እኔ አልከራከርም። የምጾመው ጾማቸውን ነው፣ የምስመውም እሳቸው የሚስሙትን ደጅ ነው። ስለ ዓሣው ላለማሰብ ከራሴ ጋር ከተስማማሁ ቆይቻለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከደምቢያ የላከችልኝን ጤፍ በሰፌድ እያንቀረቀብሁ ከአጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ጌታ መንግሥተ ሰማያትን በሰናፍጭ ቅንጣት የመሰለበት ቦታ ደረሱ፤ ከዘር ሁሉ ታንሳለች፣ ስታድግ ግን ወፎች እስኪያርፉባት ትተልቃለች የሚለው ጋ። አፌ አምልጦኝ፣ «ጤፍ አታንስም እንዴ?» አልሁ።

ንባቡ ቆመ። ሐምራዊው መነጽር ከመጽሐፉ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሰፌዱ ዞረ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም አባባ፣ ይቀጥሉ።»

«ጤፍ ዘር አይደለም» አሉ ቁርጥ አድርገው። «ሣር ነው።»

ጤፍ እርግጥ ከሣር ወገን ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት ሲገባኝ አስተማሪነቴ አላስቀምጠኝ አለና፣ «ማሽላም እኮ ከሣር ወገን ነው» አልኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላ ላረሱ ሰው፣ ሣር ሲያርሱ ኖረዋል የማለት ያህል ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

ለአረም መጥቶ ዝናብ ያስቀመጠው አንድ የጎጃም ሰው በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ነበር። ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የከረመ፣ ኋላ ትዳር ይዞ ወደ እርሻ የዞረ ሰው ነው። ለምስክርነት ተጠራ።

«ከሰናፍጭና ከጤፍ የቱ ያንሳል?» አሉት።

«ኧረ ዲያ!» አለ፣ ለምን እንደተጠየቀ ሳያውቅ። «የኛን ጤፍ የሚያህል ደቃቅ በምድር ላይ የት ይገኛል? ከእጅ ወድቆ ስለሚጠፋ አይደል እንዴ ጤፍ የተባለው?»

መጽሐፉን አስጠጉለት። አነበበ። ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እንግዲህ... እንደ ጤፉ ነው» አለ በቀስታ።

«መሣሪያ አላችሁ አይደል?» አሉኝ አማቴ። «ይታይ።»

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ግን እኔ ዘንድ ነው። በማግስቱ አማቴ እንደ ፍርድ ቤት ባለጉዳይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እኔና ጎጃሜው ከኋላ ሆነን፣ ጭቃውን እያቦካን ሄድን። በአንድ የታጠፈ ወረቀት ጤፍ፣ በሌላው ሰናፍጭ ይዘዋል። በሦስተኛው ሰሊጥ አለ።

«ሰሊጡ ለምንድን ነው አባባ?»

«ለታዛቢነት።»

ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው ከሥሩ ባለች መስታወት ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ዳምኗል። የተማሪዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረን ፀሐይ ጠበቅን። ብልጭ ስትል አማቴ ዘለው ተነሡና ዓይናቸውን ደቀኑ።

«ፀጉር አለው!» ብለው ጮኹ። «ሰናፍጭ ፀጉር አለው!»

«የዓይንዎ ሽፋሽፍት ነው አባባ።»

ክፍሉ ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ያልተጠረገ አቧራ ነበረበት። አስተካክለው ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ አስነጠሳቸው፤ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ማስነጠስ ነው። ቀና ሲሉ ሰናፍጯ ከቦታዋ አለች። ጤፏ የለችም።

«ጠፋች!» አለ ጎጃሜው፤ እጁን አጨበጨበ። «አላልሁም? ስሟ እኮ ነው!»

አማቴ ለአንድ አፍታ ፊታቸው በራ። «ከሌለች ልታንስ አትችልም» አሉ። ከዚያ ግን ሐቀኛ ሰው ናቸውና ወረቀቱን ራሳቸው ፈትተው ሌላ ጤፍ ከሰናፍጯ ጎን አስቀመጡ። ትንፋሻቸውን ይዘው አዩ። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና አዩ።

«ታንሳለች» አሉ።

ወረቀቶቹን አጣጥፈው ከፊታችን ወደ ቤት ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንባቡ ቀረ። መነጽሩ ማኅደሩ ውስጥ ገባ። የጤፍ እንጀራ ሲቀርብ መሶቡን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ማሽላ የለም?» ይላሉ። ባሌ ለትራክተሩ ዕቃ ሸሕዲ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ሰማና በሩ ላይ ቆሞ፣ «አባቴን በጤፍ አስካድሽው?» አለኝ። መሳቅ ጀመርሁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። እሑድ ጠዋት ደወሉ ሲደወል አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ በሩ ሄደው፣ ቆመው፣ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። «ጉልበቴን» አሉ። ጉልበታቸው ደህና ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ባሌ የንስሐ አባታቸውን ጠራ። ቄሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ፤ አማቴ ወንበር ሰጥተዋቸው ቀጥታ ወደ ነገሩ ገቡ።

«አባ፣ አንዷ ቃል ካልሆነች ለሌላዋ ማን ዋስ ይሆነኛል? ሙታን ይነሣሉ ላለውስ?»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «በእርግጥ ታንሳለች?»

«አዎ አባ።»

«ብዙ ነው የምታንሰው?»

«ብዙ።»

«ይገርማል» አሉ፤ እውነትም ገርሟቸው ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ትርጓሜውን ያወርዱት ጀመር። አንድም ትሕትናን ነው አሉ። አንድም ሐዋርያትን ነው፤ ጥቂት ሆነው ዓለምን ስለ ሞሉ። በዚህ ጊዜ ጎጃሜው የቅኔ ቤት ደሙ ፈላና፣ «አንድም እምነትን ነው!» ብሎ ከጥግ ገባ። ቄሱ ሌላ አንድም ጨመሩ፤ እሱም ጨመረ። ሁለቱ ሲቀባበሉ ክፍሉ በአንድም ሞላ።

«አንድም ጤፍ የሚል አለ?» አሉ አማቴ።

ቄሱ ጎጃሜውን አዩ፤ ጎጃሜው ጣራውን።

የባሌ እናት ያን ጊዜ የቄሱን እግር የሚያስታጥቡበት ውኃ ይዘው በሩ ላይ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ወደ ክርክርም አይገቡም። ጣሳውን አስቀምጠው ባላቸውን አዩ።

«አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ስትልክ ምን አስባልህ?»

«አሁን ይኼ ምን አመጣው?»

«ከጎንደር እስከ ሱዳን የእሱን በሬ የሚያህል በሬ የለም አስባልህ። መጥቼ ሳየው አንድ ዓይና ነበር።»

«ብርቱ በሬ ነበር!»

«ነበር። ዋሸኝ ብዬ ቤቴ ተመለስሁ? አኖርሻለሁ ማለትህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አኑረኸኛልም። በሬ ልለካ አልመጣሁም።»

ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

«ክርስቶስን ከእኔ በሬ ጋር ታመሳስያለሽ?» አሉ አማቴ ተቆጥተው።

«አንተ ከጤፍ ጋር አፋጥጠኸው የለም?» አሉና የቄሱን እግር ወደ ማጠቡ ጎንበስ አሉ።

 በማግስቱ ጠዋት አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ልብስ ከማሰጣበት መጡ።

«ጌታ ያናግራቸው የነበሩት ሰዎች ጤፍ አያውቁም፤ አይደለም?»

«የሚያውቁ አይመስለኝም አባባ።»

«ጤፍ ብሎ ቢጀምርላቸው ጤፍ ምንድን ነው ሲባባሉ ይመሽባቸው ነበር። መንግሥተ ሰማያት ሳትነገር ትቀር ነበር።» ትንሽ አሰቡ። «እኛ ቤት እንደ ሆነው።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ሙታን ይነሣሉ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። እሱ ይነሣሉ ማለት ይነሣሉ ነው። እሱን በመሣሪያሽ አትለኪውም።»

«አልለካውም» አልኋቸው። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነበርሁ። የትኛው ቃል በሬ፣ የትኛው ቃል ትንሣኤ እንደሆነ በየገጹ መለየት እንደማልችል ግን አልነገርኋቸውም። የሚችል ሰው ካለ ቄሱ ይመስሉኛል፤ እሳቸውም በጤፍ ተገርመው ሄደዋል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጤፍም በሉ፤ በመጀመሪያው ቀን እንጀራውን ጠጋ ብለው በጥርጣሬ ካዩት በኋላ።

ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ደረሰ። አጨዳው ከመጀመሩ በፊት አማቴ እርሻው ዳር ጫማቸውን አወለቁ፤ እኛም አወለቅን። ሌላ ጊዜ ረዥም ጸሎት ነው የሚያደርሱት። ያን ቀን አጠር አደረጉት።

«ጌታ ሆይ፣ ያልኸውን አንተ ታውቃለህ» አሉ። «ያልገባኝንም ታውቃለህ። ብቻ አትተወን።»

ጎጃሜው ያለቀ መስሎት «አሜን!» ብሎ ማጭዱን አነሣ። አማቴ በሐምራዊው መነጽር ላይ አሻግረው ገላመጡት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሠራተኛው ጤንነትና ስለ ትራክተሩ ለየብቻ ለመኑ፣ ከዚያ አሜን አሉና ወደ ሰሊጡ ገባን።