ከጠረጴዛው አልወርድ ያለው ሻንሲ

ዶይል ኬትነር ማንም ያልጠየቀውን አስተያየት በነጻ በማደል ቱሌሪ ከተማ ውስጥ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ሙያው ብየዳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወተት ፋብሪካውን ጋኖች ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ምላሱ ግን ጡረታ አልወጣችም።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቱ ጋራዥ በር ወደ ላይ ሲጠቀለል የሰፈሩ ሽማግሌዎች ታጣፊ ወንበራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከች ይላሉ። ሁሉም በሽታቸው አንድ ነው። ያረጀ የፎርድ ገላ ከወደቀበት ጓሮ ጎትተው ያመጣሉ፣ ከሥሩ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሻንሲ፣ የመኪናውን አጥንት፣ ያስገባሉ፣ ከፊት ለቁመቱ የማይመጥን ሞተር ይጭናሉ፣ ከዚያ መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚያገሳ ሆት ሮድ ሆነ ብለው እንደ ልጅ ይስማሉ። ታዲያ ሻንሲውን ራስህ ካልሠራህ ከሰው አትቆጠርም። የተሠራ ሻንሲ ገዝቶ ማምጣት ለቤተ ክርስቲያን እራት ከሱቅ የተገዛ ኬክ ይዞ እንደመሄድ ነው፤ ይበሉልሃል፣ ሲበሉ ግን ያሙሃል።

የማውረጃው ቀን የሚባል ወግ አላቸው። ሻንሲ የሚሠራው ወለሉ ላይ በቡሎን በተተከለ ከባድ የብረት ጠረጴዛ ላይ፣ ዙሪያውን በሞርሳና በማሰሪያ ብረት ተጠፍንጎ ነው። ሲያልቅ ወዳጅ ይጠራል፣ ማሰሪያው በሰው ፊት ይቆረጣል፣ ወንዶቹ ተሸክመው አራት የብረት እግሮች ላይ ያኖሩታል፣ ከጥግ ጥግ በሰያፍ ግራና ቀኙን በሜትር ይለኩታል። ሁለቱ ልክ እኩል ከመጡ ሻንሲው አልተጣመመም፤ የሠሪው ሚስት የጋገረችው የፍራፍሬ ፓይ ይበላል። እኩል ካልመጡም ይበላል፤ ሠሪው ግን ቆሞ ነው የሚበላው።

«ማንም ብቻውን አይቁረጥ፤ ብቻውን የሚቆርጥ የሚደብቀው ነገር አለው» የሚለውን ሕግ ያወጣው ራሱ ዶይል ነው። ሕጉ የወጣው ከመንገዱ ማዶ በሚኖረው በሎኒ ፕሩዊት ምክንያት ነበር። ሎኒ የራሱን ሻንሲ በአንድ የሥራ ቀን ሹልክ ብሎ ብቻውን ቆረጠው። መኪናው መንገድ ላይ ሲወጣ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን አልከተል ብለው በጎን በጎን ሄደ። ዶይል እዚያው በቆመበት «ሸርጣን!» አለ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሎኒን በስሙ የሚጠራው ፖስተኛው ብቻ ሆነ። የጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ እንኳ «ሸርጣን፣ ተራዎ ደርሷል» አለችው ይባላል። ይቺን ወሬ ዶይል ራሱ ሳይፈጥራት አይቀርም።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። የዶይል ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ያመለጠበትን ዋጋ ግን ያወቀው በኋላ ነው።

ሚስቱ ላቨርን የሳንባ ሕመምተኛ ናት። የለውዝ ዛፍ በሚራገፍበት ወቅት ከተማዋ ያለችበት ሸለቆ አቧራ አየሩን ዱቄት ሲያስመስለው እሷ ማታ ማታ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ሐኪሙ «ከዚህ ሸለቆ ውጪ፤ ካልወጣሽ እኔም ልረዳሽ አልችልም» አላት። እህቷ ኦፓል ኦሪገን ባሕር ዳርቻ ላይ ባዶ የጓሮ ቤት አላት፣ ኑ እያለች ነው። ላቨርን አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆመችና ጠየቀችው።

«ዶይል፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

ዶይል የብየዳ ጭንብሉን ከግንባሩ ወደ ፊቱ ጣል አደረገው። መልሱ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ሻንሲ የሚበየድበት ሥርዓት አለው፤ አዲስ ገቢውም ያውቀዋል። እዚህች ጋ ትንሽ፣ ከዚያ ማዶ ባለው ጥግ ትንሽ፣ ከዚያ ጠብቀህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ደግሞ ሌላ ቦታ። ብረት ሲግል ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ አንዱን ጎን ብቻ ካነደድከው ወደዚያው ይጎትትሃል። ዶይል ይህን ለስንቱ ሲሰብክ የኖረ ሰው ያን ቀን የራሱን አዲስ ሻንሲ የግራ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እጁን ሳያነሳ፣ ጥርሱን እንደነከሰ በየደው። ላቨርን ሰማያዊውን ብልጭታ ትንሽ አየችና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ አንዱን ሞርሳ ሊፈታ ትንሽ ላላ ቢያደርገው ሻንሲው «ጧ!» ብሎ ጮኸና ጥጉ ብድግ አለ። ዶይል እንደ ሌባ ወዲያ ወዲህ አየ። ሞርሳውን መልሶ አጠበቀው።

ያን ዕለት ራት ላይ «እሺ ላቨርን፣ እንሄዳለን» አላት። «ሻንሲው ከጠረጴዛው ይውረድ ብቻ።»

እሷ ሳመችው። እሱ ድንቹን ማላመጥ አቃተው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ፈትቶ በእሳት እንዳያቃናው ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች ያያሉ። በር ዘግቶ እንዳይሠራ፣ አንድ ቀን ሞክሮ ገና ከመዝጋቱ ሎኒ በሩን ይደበድብ ጀመር።

«አንተ ሽማግሌ! አለህ?»

«አለሁ! ምን ሆንክ?»

«በዚህ ሙቀት በር ስትዘጋ ሞተህ መስሎኝ ነዋ! ለላቨርን ማን ይንገራት ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

ሌላው የቀረው ማሳበብ ነው። «ብረት እንደ ሰው ነው፤ ማረፍ አለበት» አላቸው። ከአፉ ያመለጠ ቀልድ ነበር፤ እነሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። የወተት ቦቴ ነጂው ኤልዉድ ስታልማ ጭራሽ የራሱን ብረቶች ጓሮው ውስጥ ብርድ ልብስ ላይ አጋድሞ ያሳርፋቸው ጀመር። ዶይል ይህን ሲያይ ሳቁ መጣ፤ ግን በማን ይሳቅ? የሚስቅበት ሰው ሁሉ የዶይልን ውሸት ያመነ ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት ጋራዥ ይገባና ሞርሳዎቹን አንድ በአንድ ያጠብቃል። ጠረጴዛው ወለሉን ነክሶ ይዟል፣ ሻንሲው ጠረጴዛውን፣ ዶይል ሻንሲውን። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መዶሻዎችና የማዕዘን መለኪያ ስኳድራዎች የሚያዩት ይመስለዋል። በተከፈተው በር መንገዱ ይታያል፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሪገን የሚወስደው መንገድ፤ ማዶ ደግሞ የሎኒ መስኮት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሎኒ ባርኔጣ። ቀና ብሎ ወጥቶ መሄድ የሚያህል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ግን የት ይሄዳል? ወሬው ከሱ ቀድሞ ይደርሳል። የከተማውን ሰው ሁሉ በስም ያጠመቀ ሰው ለራሱ ምን ዓይነት ስም እንደሚወጣለት ያውቃል።

ላቨርን መጠየቅ አቆመች። ሴት መጠየቅ ስታቆም የተቀበለች ለሚመስለው ወንድ ወዮለት። ሳሎኑ ውስጥ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደረደረ። አንድ ቀን ዶይል ከኮሪደሩ ሆኖ በወጥ ቤቱ ስልክ ስትነጋገር ሰማት።

«ኤልዉድ? ላቨርን ነኝ። ቅዳሜ የዶይል ሻንሲ ይወርዳል። አዎ፣ የኮክ ፓይ አለ። ለሸርጣን ነግሬዋለሁ።»

ዶይል ወጥ ቤት ገባ። «ማን አዘዘሽ?»

«ሳንባዬ።»

«ገና አልደረሰም እኮ!»

«እሑድ ጠዋት ኦሪገን እሄዳለሁ» አለች ስልኩን እየሰቀለች። «ሻንሲው ወረደ አልወረደ የራሱ ጉዳይ። አንተ ብትወርድ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

ቅዳሜ መጣ። ሎኒ ሠርግ የተጠራ ይመስል የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ኤልዉድ ፓይዋን በዓይኑ ጨርሷት ተቀምጧል። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተዘርግተው ጋራዡን ሲሞሉት ዶይል ከጠረጴዛውና ከሰው መሃል ገባ፤ ማለፊያም የለው።

መጀመሪያ ሜትሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ከጥግ ጥግ ለካ። እኩል ነው። ታስሮ ማን ይጣመማል?

«እኩል ነው እንግዲህ!» አለ ዶይል። «ያያችሁት ነው። ፓይ እንብላ።»

«ታስሮማ የኔ አማችም ጨዋ ነው» አለ ኤልዉድ። «ቁረጠው!»

«ዛሬ ሙቀቱ ከባድ ነው። ብረት በሙቀት ያብጣል።»

«እኛም አብጠናል። ሁለት ዓመት አሳረፍከው፣ ከኔ በላይ ተኛ እኮ! ቁረጥ ስልህ!»

ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ተንጫጫ። ሎኒ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በግራው ጎን ብየዳ ላይ ጣቱን እየጎተተ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። አንድም ቦታ የተቋረጠ የለም። ቀና ሲል ዓይኖቻቸው ተገጣጠሙ። ዶይል የሎኒን ፊት ጠበቀ፤ አሥር ዓመት የተጠራቀመ ብድር ዛሬ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ሊመለስ ነው።

ሎኒ መቁረጫውን የሚያቀብል መስሎ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ አድርጎ የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም እኔ ነኝ።»

ዶይል ለመቁረጫው እጁን አልዘረጋም።

«ወገቤን ይዞኛል ብዬ ልጩህ?» አለ ሎኒ። «አምቡላንስ ይጠራሉ፣ ቀኑ ይተላለፋል። እኔ ስጮህ ያምርብኛል።»

የዶይል ልብ ዘለለች። እንደገና መታሰሩ ነው፤ ግን የሚያውቀው እስር ነው፣ አልጋው የተነጠፈ። እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ከወጥ ቤቱ ሳል መጣ። ላቨርን ፓይ እየቆረጠች ነበር። ሳሉ ተጀምሮ አላቆመም፤ ቢላዋው ሳህን ላይ ተቀመጠ፣ ሳሉ ቀጠለ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሳቅ ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ።

ዶይል መቁረጫውን ከሎኒ እጅ ነጠቀው።

የመጀመሪያው ማሰሪያ ተቆረጠ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ሻንሲው ጠመንጃ እንደተኮሰ ጮኸና ጥጉ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ተነሳ፤ ኤልዉድ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ዶይል አላቆመም። የቀረውን ሁሉ ቆረጠው። አራት ሆነው አውርደው እግሮቹ ላይ ሲያኖሩት አንዱ እግር እንዳጠረበት የቡና ቤት ጠረጴዛ ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ አለ።

ሎኒ ሜትሩን አነሳ። ለካ። ሌላውን ለካ። «በሁለት ጣት ይበላለጣል» አለ ጮክ ብሎ፤ ወጉ ስለሆነ።

ያኔ ሳቁ ፈነዳ። ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ሳቁ። ኤልዉድ ከወለሉ ሳይነሳ «ብረቶቼን! ብርድ ልብስ ላይ!» እያለ እግሩን ያወራጫል። ዶይል መሃላቸው ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል።

ላቨርን የፓይ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የተነሳውን ጥግ አየች፣ ከዚያ ያን ያልተቋረጠ ብየዳ።

«ይኸ ያን ቀን ነው» አለች። «የጠየቅኩህ ቀን።»

«አዎ።»

«ሁለት ዓመት ይወርዳል ስትለኝ እንደማይወርድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሳቁ ተቆረጠ። ሁሉም ጫማውን ያይ ጀመር።

«ያን ጊዜ ‹አልሄድም› ብትለኝ ኖሮ» አለች ላቨርን፣ «ቢያንስ ብረቱ ይተርፍ ነበር።» ፓይውን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ገባች። ዶይል ቆሞ በላው። ምን ምን እንደሚል አልታወቀውም።

ኤልዉድ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሲዋረድ የሚያይ ሰው ደግነት ይመጣበታል። «ጌታው፣ አይዞህ» አለ። «መልሰን ጠረጴዛው ላይ እንጠፍንገው። በእሳት እየጎተትን ክረምቱን እናቃናዋለን። ሁላችንም እንመጣለን። በጸደይ ቀጥ ይላል፣ ያኔ ተከትለሃት ትሄዳለህ።»

«እውነት ነው» አሉ ሌሎቹ። «ክረምት ምን አላት?»

ዶይል ጠረጴዛውን አየው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ባዶውን ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ሞርሳዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ወዳጆቹ ከልባቸው ነው፤ ደግሞም ያምራል፣ ክረምት፣ እሳት፣ ወሬ፣ ስሙንም መልሶ ማቃናት። አንድ እሺ ብቻ።

«ሎኒ» አለ። በስሙ ሲጠራው ሎኒ ራሱ ደነገጠ። «ተጎታችህን አምጣ። ውሰደው።»

«ምን ላድርገው?»

«አቃናው። አለዚያም ቆርጠህ አጥር ሥራበት።»

«እኔ ጋራዥ ውስጥ የተጣመመ ሻንሲ ሲያዩ ማን ሠራው ይላሉ? እኔን ነዋ! ሸርጣን የተባልኩት እኔ!»

«ታዲያ ስሜን ጻፍበት።»

ሎኒ አፉን ከፍቶ አየው። «ዶይል ኬትነር ብዬ? በቀለም? ከመንገድ የሚታይ?»

ዶይል ከንፈሩ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«በትልቁ ጻፍ» አለ።

ከዚያ የብየዳ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለና ወደ ቤት ገባ። ላቨርን ካርቶኖቹ መሃል ጎንበስ ብላ ገመድ እየቋጠረች ነበር፤ ቀና አላለችም። ዶይል እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ።

«የትኛው ነው ቀድሞ የሚጫነው?» አላት።

ገመዱን አጥብቃ ቋጠረች፣ አሳላት፣ ሳሉ እስኪለቃት ጠበቀች። ከዚያ በአገጯ ከሁሉ የከበደውን ካርቶን አሳየችው።