የዱካው መጽሐፍና የገብስ ቆሎ

ባለፈው ሳምንት ለሰበካችን የንባብ ክፍል አንድ ካርቶን መጽሐፍ በስጦታ መጣልን። እዚህ ድሬዳዋ ክፍሉን የምንጠብቀው እኔና ሐና የምትባል መምህርት ነን። ከመዝሙሩና ከድርሳኑ መካከል ስለ ፖሊስ የምርመራ ሥራ የሚያስረዳ፣ ሽፋኑ የተላጠ መጽሐፍ ተቀላቅሎ ተገኘ። ሐና ዛሬ አንሥታ አሳየችኝና፣ «እትዬ አስቴር፣ ይኼ ይጠቅማል ወይስ ላስወጣው?» አለችኝ።

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። ከመልስ ስሸሽ የማደርገው ነገር ነው። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ አምቦ ላይ አንድ ጊዜ መልሼው ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በከተማው ንባብ ቤት ተቀጥሬያለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሌሊሴ የጉደር ልጅ ናት። ኃላፊያችን ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ፣ ኮታቸውን በጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አንድ የሐምሌ ጧት ከፖሊስ ጣቢያው አንድ ሃምሳ አለቃ ዝናብ የመታው ጆንያ ተሸክመው መጡና ወለሉ ላይ ዘረገፉት። በእርዳታ የመጡ የፖሊስ ሥራ መጻሕፍት ናቸው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ።

«ያለን አንድ መደርደሪያ ነው» አሉ። «የሚረባውን ለዩልን። እኛ ሌባ ስናባርር ነው የምንውለው፣ መቼ እናነባለን?»

ኦቦ ዱጋሳ ወደ ሁለታችን ዞሩ። «ኢጆሌ ኮ» አሉ፣ ልጆቼ ለማለት፤ «አዲስ አበባ ለቤተ መጻሕፍት ሥልጠና አንድ ሰው ላኩ ተብያለሁ። ከሁለታችሁ መጽሐፍ መመዘን የምትችለዋን እልካለሁ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ያንን ሥልጠና ነፍሴ እስክትወጣ ነበር የምፈልገው። ወረቀቴን በማስመሪያ አሰምሬ፣ መዝገበ ቃላቱን አጠገቤ አድርጌ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ሌሊሴ ግን ግማሹን ታነብና መጽሐፉን በብብቷ ይዛ ትወጣለች። አንዱን ጣቢያ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ታነብለታለች፤ ሌላውን ቅዳሜ ጉደር ገበያ ይዛው ትሄዳለች። ጭቃ አስነክታ ትመልሰዋለች። እኔ መጽሐፍ ሳልታጠብ አልነካም።

ደግሞ ሰው ይወዳታል። ኦሮምኛውን እኔም እናገራለሁ፤ የእኔ ግን ሰላምታ ላይ ያልቃል፣ እሷ «አካም ጅርቱ» ስትል ሰውየው ሸክሙን አውርዶ ነው የሚመልስላት። ሃምሳ አለቃው ሲመጡ እንኳ በሩ ላይ ቆመው «ሌሊሴ የለችም?» ይላሉ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ! የወንጌላውያን ቤተሰብ ልጅ ናትና እንደ እኔ አትጾምም፤ ሥራ ላይ በለሆሳስ ትዘምራለች። ድምጿ ማማሩም ያናድደኝ ነበር።

ከመጻሕፍቱ አንዱ ስለ ዱካ ነበር። ጭቃ ላይ የቀረ የጫማ ዱካ እንዴት እንደሚለካ፣ በጀሶ ቅርጹ እንዴት እንደሚወሰድ በሥዕል ያሳያል። ያሉት ሥዕሎች በሙሉ የቆዳ ጫማ ናቸው። «አይጠቅምም» ብዬ ጻፍኩ። «ያገራችን ገበሬ ወይ ባዶ እግሩን ነው ወይ በረባሶ ያደርጋል፤ በረባሶ ደግሞ ሁሉም ከጎማ የተቆረጠ በመሆኑ አንዱ ካንዱ አይለይም።» በጻፍኩት ኮራሁ። አገሬን የማውቅ መሰለኝ።

ሌሊሴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «አስቱ፣ ማንን ጠይቀሽ ነው?»

«መጽሐፉን ነዋ!»

«መጽሐፉ በረባሶ አያውቅም እኮ» ብላ ሳቀች። «ጉደር በረባሶ የሚቆርጡትን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። ካንድ ጎማ የሚወጣው ጥቂት ጥንድ ነው። የአውቶቡሱ ጎማ ጥርስ ሌላ፣ የላንድሮቨሩ ሌላ። ‹የቆረጥኩትን ጥርሱን አይቼ አውቀዋለሁ፣ ማን እንደገዛኝም አልረሳም› አሉኝ። ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይኼን ነው የምመርጠው።»

ይህንኑ ባጭር ወረቀት ጽፋ መጽሐፉ ውስጥ አስገባችው። ልክ መሆኗ እዚያው ገብቶኛል። ያቃጠለኝም እሱ ነው፤ ብትሳሳት ኖሮ በወደድኳት።

የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የመጨረሻውን ዝርዝር የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። ወረቀቷን አወጣሁና ቀዳደድኩት። መጽሐፉንም ከማይረቡት ጋር ቀላቀልኩት። የማይረቡት ደግሞ ዕጣቸው የታወቀ ነው፤ ያኔ ወረቀት ብርቅ ስለነበር ለመጠቅለያ ይወሰዳሉ። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እህል ውኃ ሳልቀምስ ውዬ ቅዳሴ አስቀድሳለሁ፤ ሰው መብላቱን ግን አልጾምኩትም።

ሳምንት ሳይሞላ ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ በሬያቸው ተሰረቀ። ንባብ ቤቱ ደጃፍ ቆመው «ጥማዴ ጎደለ፣ በምን ልረስ?» እያሉ ሲያለቅሱ ሰማናቸው። ወንዙ ዳር ጭቃው ላይ የበረባሶ ዱካ ቀርቷል። ሌሊሴ እየሮጠች መጣች።

«አስቱዬ፣ የዱካው መጽሐፍ የት አለ? ቶሎ፣ ዝናብ ሳይመጣ!»

«ጣቢያ ሄዶ ይሆናል» አልኳት። ስዋሽ ፊቴ እንኳ አልቀላም።

ጣቢያ አልነበረም። መጽሐፉን ባታገኘውም ያነበበችውን አልረሳችም። አንድ የሆስፒታል ሠራተኛ ለምና ለስብራት የሚሆን ጀሶ አገኘች፤ ሃምሳ አለቃውን አስከትላ ሄዳ በቆርቆሮ በጥብጣ ዱካው ላይ አፈሰሰችው። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ደመናውን እያየሁ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዝናቡ ቶሎ እንዲመጣ ተመኝቻለሁ።

ዝናቡ ዘገየ። የጉደሩ ሽማግሌ የደረቀውን ጀሶ ገልበጥ አድርገው አዩና የገዛቸውን ሰው ስም ተናገሩ። በሬው እጃጂ ገበያ ላይ ሊሸጥ ሲል ተያዘ። ሃምሳ አለቃው ለኦቦ ዱጋሳ ሲተርኩ ሦስት ጊዜ «ሌሊሴ» አሉ፤ ቆጥሬያለሁ። ኦቦ ዱጋሳም በዚያው ቀን «ሂያጅዋ ሌሊሴ ናት» አሉ። «አስቴር፣ ጽሕፈትሽ ያማረ ነው፤ ግን መጽሐፉን ከራሱ ጋር ነው የመዘንሽው።»

የምትሄድ ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘኋት። ባዶ እጄን መሆኑ ከብዶኝ በር ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ በወረቀት የተጠቀለለ የገብስ ቆሎ ገዝቼ ሰጠኋት። ሌሊሴ ቆሎውን ልትዘግን ስትል እጇ ቆመ። ጥቅሉ ላይ የጫማ ሶል ሥዕል አለ፤ በዳር በኩልም ጉደር ላይ ያስነካችው ጭቃ ደርቋል።

አወቀችው። ቆሎውን ነጠላዋ ላይ ገለበጠችው፣ የመጽሐፉን ገጽ በመዳፏ አስተካክላ ዘረጋችው፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገጹን በአራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ቆሎውን በእፍኟ ዘግና መዳፌን ሞላችው።

«ቅመሽ እንጂ አስቱ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔ ብቻዬን አልጨርሰውም።»

አውቶቡሱ ወደ አዲስ ዓለም አቅጣጫ ሲወጣ ቆሎዬን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ለማንም አልተናገረችብኝም። በእሱም ቀናሁባት፤ እኔ የሌለኝ ሌላ ነገር ነበራትና። ለነፍስ አባቴ ጸሎት ስለማስታጎሌ በዝርዝር እየተናዘዝኩ የዱካውን መጽሐፍ ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ለእሷ ግን ሳልነግራት በትዳር ምክንያት ወደዚህ ሩቅ አገር መጣሁ፤ ወሬዋም ጠፋብኝ።

መነጽሬን መልሼ አደረግሁና ሐናን፣ «ከመፍረዳችን በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አልኳት። ከልምድ የተማርኩትን ላስተምራት ነው።

«ጠየቅሁ እኮ» አለች። «አጎቴ ፖሊስ አይደል? ትናንት አሳየሁት። ስለ ምስክር አጠያየቅ ያለውን ምዕራፍ ሳላነብ አልሰጥም ብሎ አስመሸኝ።»

ያ የጥንቱ ቅናት ነከስ አደረገኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ቀድማኛለች፣ ያውም ማንም ሳይነግራት። የክፍሉ መጻሕፍት መዝገብ እኔ ፊት ነበር፤ እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር የጻፈበት ሰው የለም፣ ጽሕፈቴ ያምራልና። ወደ እሷ ገፋሁላትና እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አንቺ ጻፊው» አልኳት።